ለአንድ ግንባር ሦስት ድንጋይ

አገር የሚቆመው በኮሚቴ ነው። ይህን የምለው ከመሬት ተነሥቼ አይደለም። በአሥራ አንድ ኮሚቴዎች ውስጥ ቃለ ጉባኤ ይዣለሁ፤ ከአሥራ አንዱ አንዱም ቸኩሎ አያውቅም። «የቸኮለች አፍሳ ለቀመች» ይላል ያገራችን ሰው። እኛ ዘንድ ያፈሰሰም የለቀመም አልነበረም፤ የሚፈስ ነገር ስላልነበረ።

ዛሬ የምተርከው የአሥራ ሁለተኛውን ኮሚቴ ገድል ነው። ሙሉ ስሙ «ለግንባር መብራት የሚውል ዳግም ተሞይ የኃይል ማከማቻ መራጭ ጊዜያዊ ኮሚቴ» ይባላል። ማኅተም አስቀርጸንለታል። ስሙ ማኅተሙ ላይ አልበቃ ስላለ «ዳግም ተሞይ» የሚለው ብቻ ነው የገባው። ነዋሪው ግን ረዥም ነገር ስለሚሰለቸው «የድንጋይ ኮሚቴ» ብሎ ይጠራናል፤ የባትሪ ድንጋይ ማለቱ ነው። ስለ አጠራሩ ቅሬታችንን በደብዳቤ ገልጸናል።

መንደራችን ከሰበታ ወጥቶ ወደ ተጂ በሚወስደው መንገድ ዳር የምትገኝ የሰማንያ ቤት ማኅበር ናት። አብዛኞቻችን ከአዲስ አበባ ኪራይ ሸሽተን የመጣን ነን። ጠዋት ሚኒባስ ተጋፍተን ከተማ እንገባለን፣ ማታ ተጋፍተን እንመለሳለን፣ ቅዳሜና እሑድን በስብሰባ እናሳልፋለን። የምንኮራበት ነገር ቢኖር የራሳችን ውኃ ነበር። አዋጥተን ጉድጓድ አስቆፍረናል፣ ታንከር ሰቅለናል። ከታንከሩ የሚወርደው ቧንቧ ወደየቤታችን ከመሄዱ በፊት አምስት ሜትር ጥልቀት ያለው የቫልቭ ጉድጓድ ውስጥ ያልፋል። መጋቢት እንደ ገባ የቫልቩን እጀታ የያዘው ብሎን ወለቀና ቫልቩ እንደተዘጋ ቀረ። ሰማንያ ቤት በአንድ ቀን ደረቀ።

ዱባለ የማኅበሩ ጥበቃም፣ የውኃ ሠራተኛም ነው። ከወላይታ መጥቶ ገላን ፋብሪካ ውስጥ ለዓመታት ቧንቧ ሲጠግን ኖሮ ነው እኛ ዘንድ የተቀጠረው። ሙያ አለው፤ የስብሰባ ጠባይ ግን የለውም። ነገር በአጭሩ ይናገራል። በዚያው ቀን ወደ ማኅበሩ ቢሮ መጥቶ በር ላይ ቆመና፦

«ጋሼ፣ ብሎኑን ቦታው መመለስ የግማሽ ሰዓት ሥራ ነው» አለ። «ጉድጓዱ ግን ድቅድቅ ጨለማ ነው። የግንባር መብራቴ ደግሞ ድንጋይ ጨርሷል። ሦስት ድንጋይ ግዙልኝ።»

እዚህ ላይ ዝም ብሎ ቢሆን ኖሮ ይህ ታሪክ አይኖርም ነበር። እሱ ግን ለማኅበሩ አስቦ አንዲት ቃል ጨመረ።

«የሚሞላው ዓይነት ቢሆን ደግሞ ጥሩ ነው፤ በየሳምንቱ አላስቸግራችሁም።»

ሊቀ መንበራችን አቶ ተክሉ መነጽራቸውን አወለቁ። አቶ ተክሉ አንድ ትልቅ መሥሪያ ቤት ውስጥ ሠላሳ ዓመት በግዢ ክፍል አገልግለው በክብር ጡረታ የወጡ ሰው ናቸው። በሠላሳ ዓመት ውስጥ አንድም የተሳሳተ ዕቃ አልገዙም። የተገዛ ዕቃ መኖሩን ግን እኔ እርግጠኛ አይደለሁም።

«የሚሞላ ነው ያልከው?»

«አዎ ጋሼ።»

«በምን መስፈርት?»

ዱባለ ትንሽ አሰበ። «በቻርጀር» አለ።

«ይኸውላችሁ!» አሉ ወደኛ ዞረው። «ጥናት የሌለበት አስተሳሰብ ማለት ይኼ ነው። ዛሬ ዝም ብለን ሦስት ድንጋይ ብንገዛ ነገ ትውልድ ምን ይለናል?»

ትውልድ ምን እንደሚለን ማንም ስላላወቀ እዚያው በተቀመጥንበት አምስት አባላት ያሉት ኮሚቴ ተቋቋመ። ሰብሳቢው አቶ ተክሉ ሆኑ። ወይዘሮ ሰናይት የንብረት ኃላፊ ሆነው ተመረጡ። ሁለት ሰዎች በሌሉበት ተመረጡ፤ እስከ መጨረሻውም ስላልመጡ አንድም ጊዜ ተቃውመው አያውቁም። ቃለ ጉባኤ ያዥ እንደ ልማዴ እኔ ነበርኩ። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ እንዲሉ፣ ሦስቱ ድንጋይ ለአምስታችን ጌጥ ሆነልን።

ዱባለ ግን በማግስቱ ስልኩን አብርቶ፣ በጥርሱ ነክሶ ጉድጓዱ ውስጥ ወረደ። መሀል ላይ ሲደርስ ሳል መጣበት። ስልኩ አሁንም እዚያው ውስጥ ነው። አቶ ተክሉ ይህን ሲሰሙ ለሠራተኛው ደኅንነት እጅግ ተጨነቁና ጉድጓዱን በቁልፍ አስቆለፉት። ቁልፉን በገመድ አንገታቸው ላይ አንጠለጠሉ። «ደረጃውን የጠበቀ ብርሃን እስኪመረጥ ድረስ እዚህ ጉድጓድ የሚወርድ ሰው አይኖርም!» አሉ።

«በራሴ ልግዛው ጋሼ፤ ሱቁ ቢርቅ ዐሥር ደቂቃ ነው» አለ ዱባለ።

«የማኅበር ጉድጓድ በግል ድንጋይ አይታይም!»

ጭብጨባው ለረዥም ጊዜ ቀጠለ። እኔም ካጨበጨቡት አንዱ ነኝ።

እዚህ ላይ ስለ ቤቴ ትንሽ መናገር አለብኝ። ልጄ ሩታ የበኩር ልጇን አርግዛ፣ እናቷ እጅ ልትወልድ በዚያው ሰሞን ከባሏ ቤት ወደኛ መጥታ ነበር። ቀኗ ግንቦት ነው። እግሮቿ አብጠው ጫማ እምቢ ብሏት በነጠላ ጫማ ነበር የምትሄደው። አንድ ቀን ከስብሰባ ስመለስ ይህች ልጅ ባዶ ጀሪካን ይዛ በሩ ላይ ተቀምጣ፣ የዱርሲቱን አህያ ስትጠብቅ አገኘኋት። ባለቤቴ ኤልሳቤት ከኋላዋ ቆማ ነበር።

«ምን ወሰናችሁ?» አለችኝ።

«አጀንዳ አጸደቅን።»

«ልጅህ ግንቦት ትወልዳለች። አራስ በአጀንዳ ነው የምናጥበው?»

አፈርኩ። ደረቴ ላይ ያደረግኩትን የኮሚቴ ባጅ አውልቄ ኪሴ ከተትኩት። በማግስቱ ግን ስብሰባ ስለነበረን መልሼ አደረግኩት።

ዱርሲቱ ያልኳችሁ በአህያ ጋሪ ውኃ የምታመላልስ የጎረቤት ቀበሌ ሴት ናት። እንደ እሷ ኮሚቴያችንን ያከበረ ሰው የለም። ድሮ ሁለት አህያ ነበራት፤ በእኛ ዘመን አራት ሆኑ። ቅዳሜ ቅዳሜ ቢሮው በር ላይ ቆማ፣ በኦሮምኛዋ እንዴት አደራችሁ ብላ፦

«አካም ቡልተን ኦቦ አበራ! ኮሚቴው ዛሬም አለ?» ትለኛለች።

«አለ፣ አዴ ዱርሲቱ።»

«ገለቶማ! ዋቅ ዕድሜ ይስጠው!»

የመጀመሪያዎቹን አራት ስብሰባዎች በስያሜ ላይ ተወያየን። አቶ ተክሉ «ድንጋይ» የሚለው ቃል ኋላ ቀር ስለሆነ በቃለ ጉባኤ ውስጥ እንዳይገባ አገዱ። አምስተኛው ስብሰባ ላይ የገበያ ጥናት ተጀመረ። ወደ ሰበታ ገበያ ወርደን ሰልማን የሚባል የኤሌክትሪክ ዕቃ ነጋዴ ዘንድ ገባን። ሰልማን እንደ ዱባለ ሁሉ ነገር ማሳጠር የሚወድ ሰው ሆኖ ተገኘ። የትንሿን ጣት የሚያካክሉ ሁለት ዓይነት ድንጋዮች ጠረጴዛው ላይ ዘረጋ። አንደኛው ወገቡ ላይ፣ የሚይዘው የኃይል መጠን መሆኑ ነው፣ 800 ይላል። ሌላው በወርቃማ ቀለም 9900 ይላል።

«ይኼን ባለ 800ውን ውሰዱ» አለ። «ያኛው ውሸት ነው።»

አቶ ተክሉ ሁለቱንም አነሡ። «9900 ይበልጣል ወይስ ያንሳል?»

«ቁጥሩማ ይበልጣል። ግን ይቺን የምታክል ድንጋይ 9900 አትይዝም፤ ከላይ የተጻፈ ነው። ሁለት ቀን አብርቶ ያርፋል። ይኼኛው ሞልተህ ብታስቀምጠው ዓመት ይቆይሃል።»

«አንተ ነጋዴ ነህ?»

«አዎ።»

«ታዲያ ትንሹን ውሰዱ የምትለን ምን ልትደብቅ ነው?»

«ወላሂ አባቴ፣ ምንም!»

አቶ ተክሉ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብለው «ይኼ ሰው ሐቀኛ መስሎ ነው የሚያታልለው። ጻፈው» አሉኝ። ጻፍኩት። ከዚያ የድንጋዩን ወገብ መልሰው መላልሰው አነበቡና 1.2 ቮልት የሚለውን አገኙ። ተራው ድንጋይ 1.5 ነው። ሰልማን የሚሞላ ሁሉ እንዲህ እንደሆነና መብራቱም በደንብ እንደሚበራ ሊያስረዳ ሞከረ፤ አቶ ተክሉ ግን «ማኅበራችን ከሙሉው ላይ የተሸረፈ ነገር አይቀበልም» ብለው ወጡ።

ሕጉ ሦስት ፕሮፎርማ ስለሚል ወይዘሮ ሰናይት ሦስት ፕሮፎርማ አመጡ። አንዱ የሰልማን፣ ሁለተኛው የሰልማን ወንድም፣ ሦስተኛው የሰልማን አማች ነበር። የሦስቱም የእጅ ጽሑፍ አንድ ነው። ይህንን ባነሣ ጊዜ አቶ ተክሉ «በገበያው ውስጥ ያለውን አንድነት ያሳያል» አሉኝ። ይህንንም ጻፍኩት።

ሚያዝያ አጋማሽ ላይ፣ ሩታ ከአልጋ ለመነሣት የሰው እጅ በምትፈልግበት ሰሞን፣ የልምድ ልውውጥ ጉዞ ጸደቀ። ሚኒባስ ተከራይተን መጀመሪያ ቡራዩ ሄድን። እዚያ እንደኛው የራሱ ጉድጓድ ያለው እህት ማኅበር አለ። ሊቀ መንበሩ በር ድረስ ወጥተው ተቀበሉን፣ ለስላሳ ቀረበልን፣ ወንበር ተስተካከለ።

«እናንተ የቫልቭ ጉድጓዳችሁን የጨለማ ችግር እንዴት ፈታችሁት?» አሉ አቶ ተክሉ።

«ደፈንነው» አሉ ሰውየው።

«ጨለማውን?»

«ጉድጓዱን። ሁለት ሲኖትራክ አፈር ነው የፈጀው። ከዚያ ወዲህ አንድም ሰው ጨለመብኝ ብሎ አመልክቶ አያውቅም።»

«ውኃውስ?» አልኩ እኔ ሳላስበው።

ሰውየው በትዝብት አዩኝ። «ውይይታችን ስለ ብርሃን መስሎኝ!»

አቶ ተክሉ በክርናቸው ጎሸም አደረጉኝ። ማስታወሻቸው ላይ «ደፋር እርምጃ፣ የሚበረታታ» ብለው ሲጽፉ አየሁ። ያን ጊዜ እውነቱን ለመናገር ደነገጥኩ፤ ወደኛ ጉድጓድ አፈር የጫነ መኪና ሲመጣ በዓይኔ ሄደብኝ።

ከቡራዩ ሱሉልታ ተሻገርን። ሱሉልታ የሄድነው ሯጮቹ ሳይነጋ ግንባራቸው ላይ መብራት አስረው እንደሚሮጡ ወይዘሮ ሰናይት በቴሌቪዥን ስላዩ ነው። እኛ የደረስነው ግን ከረፋዱ አራት ሰዓት ላይ ነው። ፀሐዩ ያቃጥላል፣ ብርዱም ያንቀጠቅጣል፤ ሱሉልታ ሁለቱን አንድ ላይ ታውቅበታለች። ሜዳው ዳር ሰውነቷን የምታፍታታ ሀሴት የምትባል ሯጭ አግኝተን መብራቷን አውጥታ እንድታበራልን ለመንናት። ልጅቷ ግራ ቢገባትም አበራችው። አምስት ደቂቃ ያህል ፀሐይ ላይ ቆመን መብራቱን መረመርን። ምንም አልታየንም። «የብርሃኑ መጠን አጥጋቢ ሆኖ ተገኝቷል» ተብሎ ተመዘገበ።

«ድንጋዩ ባለ ስንት ነው?» አሏት አቶ ተክሉ።

«800። የሚሞላ ነው። ብርድ ላይ እንኳ አያስቸግርም። እነዚያ ዘጠኝ ሺህ ምናምን የሚሉትን እንዳትገዙ፤ እኔ አንዴ ተሸውጄ ገደል ልገባ ነበር።»

ሰልማን የተናገረውን ነው ቃል በቃል የደገመችው። ነገር ግን ሰልማን ሱቅ እንጂ ቱታ የለውም። አቶ ተክሉ በተመስጦ አዳመጧትና «ሜዳሊያ አለሽ?» ብለው ጠየቁ።

«ገና ነኝ።»

«ሊኖርሽ ይችላል ግን?»

«እግዚአብሔር ካለ።»

«ወደፊት ሜዳሊያ ልታገኝ በምትችል ባለሙያ ምስክርነት» ባለ 800ው በሙሉ ድምፅ ተመረጠ። ሁለቱ ያልመጡት አባላትም እንደደገፉ ተቆጠረ።

ግዢው ተፈጸመ። አንድ እሽግ ውስጥ አራት ድንጋይ አለ፤ መብራቱ የሚፈልገው ሦስት ነው። ዱባለ ይህን ሲሰማ «ጌታ ይመስገን! አንድ ትርፍም አለን ማለት ነው» ብሎ ፈነጠዘ። ዱባለ የንብረት አስተዳደር አያውቅም። አቶ ተክሉ አራቱን ድንጋዮች ነጭ ወረቀት ላይ ደረደሯቸው። አንደኛውን በፖስታ ከትተው፣ በማኅተም አሽገው፣ ለእኔ ሰጡኝ።

«ይኼ ናሙና ነው። ወደፊት የሚገዛው ሁሉ ከዚህ ጋር ይመሳከራል። ከቦርሳህ እንዳይለይ።»

ሁለተኛውን ለወይዘሮ ሰናይት ሰጡ። «ይኼ መጠባበቂያ ነው። መጠባበቂያ የሌለው ድርጅት አይቆምም።» ወይዘሮ ሰናይት ካዝናው ውስጥ ቆለፉበት። የቀሩትን ሁለቱን ለዱባለ ዘረጉለት።

ዱባለ መዳፉን አየ፣ አቶ ተክሉን አየ፣ መልሶ መዳፉን አየ።

«ጋሼ፣ መብራቱ ሦስት ነው የሚወስደው።»

«ሁለት አለህ።»

«ሁለቱ አያበራም።»

«ለምን? ከሦስት ሁለት፣ ሁለት ሦስተኛ አይደለም?»

«ነው።»

«ሁለት ሦስተኛ ድምፅ መተዳደሪያ ደንብ ያሻሽላል። እንዴት ሁለት ሦስተኛ ድንጋይ አንድ መብራት ማብራት ያቅተዋል?»

 ናሙናው ቦርሳዬ ውስጥ ነበር። አውጥቼ «ይኸው» ማለት እችል ነበር። ዘመኔን ሁሉ ማኅተም ስፈራ የኖርኩ ሰው ስለሆንኩ ቦርሳዬን አጥብቄ ያዝኩ። ይህን ስጽፍ አሁንም ያሳፍረኛል።

ሩታ ግንቦት አሥራ አንድ ቀን ወንድ ልጅ ወለደች። ስሙን ዮአብ አለችው። ከጤና ጣቢያ ወደ ቤት ስናመጣት ኤልሳቤት በዱርሲቱ ጀሪካን ውኃ አሙቃ ሕፃኑን አጠበችው፤ ያንኑ ውኃ ሳትደፋ ጨርቁን አጠበችበት፤ ያንኑ መልሳ ወለሉን ወለወለችበት።  ብትጮህብኝ ይሻለኝ ነበር።

የምረቃው ሥነ ሥርዓት የተደረገው ልጁ በተወለደ በሳምንቱ፣ ቅዳሜ ጠዋት ነው። ድንኳን ተተከለ፣ ድምፅ ማጉያ ተከራየን፣ ጉድጓዱ አፍ ላይ ሪባን ታሰረ። ነዋሪው ሁሉ ባልዲና ጀሪካን ይዞ ወጣ። አቶ ተክሉ ቁልፉን ከአንገታቸው አውልቀው ክዳኑን ከፈቱና ማይክሮፎኑን ያዙ።

«ክቡራትና ክቡራን! ዛሬ የምንመርቀው ተራ ድንጋይ አይደለም። ዳግም የሚሞላ ተስፋ ነው! ድር ቢያብር አንበሳ ያስር...»

አንበሳው እስኪታሰር ሃምሳ ደቂቃ ፈጀ። ከዚያ ሪባኑ ተቆረጠና ዱባለ መብራቱን ግንባሩ ላይ አጥብቆ፣ «በኢየሱስ ስም» ብሎ በመሰላሉ ወረደ። ሁላችንም አንገታችንን አሰገግን።

«ጋሼ!» አለ ከታች። «አይበራም!»

«እየበራ ነው!» አሉ አቶ ተክሉ በማይክሮፎኑ። ሕዝቡ አጨበጨበ።

«ምንም አይታየኝም!»

«ዓይንህ እስኪለምድ ነው! ብርሃን ሂደት ነው!»

ጭብጨባው ተደገመ። በዚህ መሀል አንድ ሰው ቦርሳዬን ከትከሻዬ ላይ ሲጎትት ተሰማኝ። ኤልሳቤት ናት። ቢጫ ጀሪካኗን እግሬ ሥር አስቀምጣ፣ ቦርሳዬን ከፍታ ፖስታውን ይዛለች።

«ኤልሲ!» አልኩ በሹክሹክታ። «ማኅተም አለው እኮ!»

«ማኅተሙን ጠጣው» አለችኝና ፖስታውን ቀደደችው።

ሻሿን ከራሷ ፈታ ድንጋዩን ጫፉ ላይ ቋጠረች፤ ሻሹን በአንድ ባልዲ ገመድ ላይ አስራ ወደ ጉድጓዱ ለቀቀችው። «ዱባለ! ያዝ!» ስትል ድምፅ ማጉያ አላስፈለጋትም።  ከዚያ የጉድጓዱ ግድግዳ ቦግ አለ። ከታች የብረት ድምፅ መጣ፤ ቀጨም፣ ቀጨም፣ ደግሞ የዱባለ መዝሙር። ግማሽ ሰዓት አልሞላም፤ እሱ መጀመሪያ ቀን እንዳለው ነው። ድንኳኑ አጠገብ ያለችው ቦኖ አስነጠሰች፣ ዝገት ተፋች፣ ከዚያ ኩልል ያለ ውኃ ለቀቀች።

ሴቶቹ እልል አሉ። ባልዲ በባልዲ ላይ ተጋጨ። እኔም ሳላውቀው እንባዬ መጣ፤ እንባዬን እንኳ በደንብ ታጠብኩበት።

አቶ ተክሉ ግን እጃቸውን አንሥተው ሕዝቡን ጸጥ አሰኙ።

«ይኼ ውኃ ከየት መጣ?»

«ከታንከሩ!» አለ አንድ ሰው።

«በየትኛው ድንጋይ?»



«በናሙና!» አሉ ራሳቸው መልሰው። ድምፃቸው ከልብ ያዘነ ሰው ድምፅ ነበር። «ወገኖቼ፣ በናሙና የመጣ ውኃ ናሙና ነው እንጂ ውኃ አይደለም። ሥነ ሥርዓትን ሳይከተል የፈሰሰ ውኃ ነገ የት እንደሚወስደን ማን ያውቃል? ውኃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው! ስለዚህ የሚከተለውን ለድምፅ አቀርባለሁ። አንደኛ፣ ናሙናው አሁኑኑ ተመልሶ ይታሸግ። ሁለተኛ፣ ጉዳዩ እስኪጣራ ድረስ ቫልቩ መልሶ ይዘጋ። የምትደግፉ?»

እጆች ወጡ። የሰማንያ አባወራ እጅ፣ አንዱ እጅ ሙሉ ባልዲ እንደያዘ ሌላው እጅ ወጣ። እንዲህ ያለ ስምምነት በዕድሜዬ አላየሁም። ለመቁጠር ቀና ስል የራሴም እጅ ከሌሎቹ መሀል ቆሞ አገኘሁት። እኔ አላዘዝኩትም፤ ልማድ ነው ያወጣው። ኤልሳቤት እጄን አየችው። ከዚያ ዓይኔን አየችኝ። ጀሪካኗን ሞልታ ወደ ቤት ሄደች።

«ዱባለ!» አሉ አቶ ተክሉ ወደ ጉድጓዱ አጎንብሰው። «ውሳኔ ተላልፏል! አንደኛ፣ ናሙናውን መልስ!»

«እሺ ጋሼ!»

ሻሹ ወደ ላይ ተጎተተ፤ ድንጋዩ ጫፉ ላይ አለ። አቶ ተክሉ ተቀብለው ለእኔ ሰጡኝ፤ አዲስ ፖስታ ውስጥ ከትቼ አሸግኩት። ጉድጓዱ ጨለመ።

«ሁለተኛ፣ ቫልቩን ዝጋ!»



«በምን አይቼ ጋሼ? ጨለመብኝ እኮ!»

ቦኖዋ ብቻ ነበረች የምትናገረው። 

«ሁለት ሦስተኛውስ?» አሉ አቶ ተክሉ ቀስ ብለው።

«እሱ አያበራም ጋሼ። ሁላችሁም መስክራችኋል።»

ናሙናው እንዳይወጣ ታሽጓል። መጠባበቂያው እንዳይነካ ተቆልፏል። ደረጃውን የጠበቀ ብርሃን በሌለበት ደግሞ ጉድጓዱ ውስጥ ሥራ እንዳይሠራ ራሳቸው አቶ ተክሉ ከልክለዋል። ሕግ አክባሪ ሰው ናቸውና የራሳቸውን መመሪያ አልጣሱም። ዱባለን አስወጥተው ጉድጓዱን ቆለፉ፣ ቁልፉን አንገታቸው ላይ አንጠለጠሉ፣ እዚያው ድንኳን ውስጥ አሥራ ሦስተኛው ኮሚቴ ተቋቋመ፦ «ለቫልቭ መዝጊያ የሚውል ዳግም ተሞይ የኃይል ማከማቻ መራጭ ኮሚቴ»። ቃለ ጉባኤ ያዥ እኔ ነኝ።

ከዚህ ኮሚቴ የሚበልጥ ጥንቁቅ ኮሚቴ በአገሪቱ ውስጥ ያለ አይመስለኝም። ይኸው ሰባተኛ ወራችን ነው፤ ገና ስያሜው ላይ ነን። «መዝጊያ» የሚለው ቃል ልማታዊ ስላልሆነ እንዲጠና ሐሳብ ያቀረብኩት እኔ ነኝ። ቀጥሎ ወደ ገላንና ወደ መናገሻ የልምድ ልውውጥ እንዲደረግ፣ ፕሮፎርማውም ከሦስት ወደ ሰባት ከፍ እንዲል ያመለከትኩት እኔው ነኝ። አቶ ተክሉ «አበራ በስሎልኛል» ይላሉ። ውኃው ሌት ተቀን ይፈሳል። ዮአብ በቀን ሁለቴ ይታጠባል፤ ጉንጩ ሞልቶ መቀመጥ ጀምሯል። ኤልሳቤትም ወደ ስብሰባ ስሄድ ኮቴን ታቀብለኛለች።

ቅር ያላት ዱርሲቱ ብቻ ናት። «ኦቦ አበራ፣ ኮሚቴ እንዲህ ይጓተታል እንዴ? ቶሎ ጨርሱ እንጂ!» ትለኛለች። ከአራቱ አህዮች ሁለቱን ሸጣ ሁለቱን አሸዋ ታስጭናለች።

አንድ ቀን ዱባለን ብቻውን አጥሩ ሥር አገኘሁት። የቫልቩ ነገር ከልቤ አልወጣ ብሎኝ ጠየቅኩት።

«ለመሆኑ ያን ቀን ለመዝጋት ብርሃን ያን ያህል ያስፈልግ ነበር?»

«ብሎኑ ከገባ በኋላ?» አለ። «ኧረ ምንም። እጀታውን ጨብጦ ወደ ቀኝ ማዞር ነው። ዓይን ጨፍኖም ይሠራል።»

«ታዲያ ለምን አልተናገርክም?»

«ስለ ማዞሩ ማን ጠየቀኝ ጋሼ? እሳቸው ስለ ድንጋይ ነው የሚያወሩት።»

እስክሪብቶው እጄ ላይ ነበር። በአሥራ ሦስት ኮሚቴ ዘመኔ ሰምቼ ቃለ ጉባኤ ላይ ያልጻፍኩት ነገር ይህ ብቻ ነው።

ባለፈው ቅዳሜ ነዋሪው ሁሉ በተሰበሰበበት አቶ ተክሉ ሰዓታቸውን አይተው «ሥራው ትንሽ ተጓተተ መሰለኝ፤ ዛሬ ወደ ውሳኔ ብንሄድስ?» አሉ። አዳራሹ ውስጥ አንድ ዓይነት ድንጋጤ አለፈ። ብድግ አልኩና በተቻለኝ ግርማ ሞገስ «ክቡር ሰብሳቢ፣ የቸኮለች አፍሳ ለቀመች» አልኩ። ጥናቱ እንዲቀጥል ለድምፅ ቀረበ። ሰማንያው አባወራ አንድም ሳይቀር እጁን አወጣ። ቀና ብዬ ስቆጥር ልብ ብዬ አየሁ፤ የወጣው እጅ ሁሉ የታጠበ ነበር።